አውሮፕላን ሲያልፍ የሚከደን ውሃ

የማኅበራችን እህቶች፣ ከተመለስኩ ጀምሮ «የሄድሽበት አገር እንዴት ነበር?» እያላችሁ ጠይቃችሁኛል። በቃል ሳወራ እቸኩላለሁና ጻፍኩት። አብዛኞቻችን ዳላስን አናያትም። እኔም ዳግመኛ የማያት አይመስለኝም። ወስዶ ለመለሰኝ አምላክ ምስጋና ይግባው።

ጊዜው ሚሌኒየማችን ሊገባ ጥቂት ወራት የቀሩት፣ ዓቢይ ጾም የገባ ሰሞን ነው። ትኬቱን የላከችልኝ ልጄ ዮናስ ሳይሆን ምራቴ ሜሮን ናት። በስልክም «እማማ፣ ፕሊስ ቶሎ ነዪ» ብቻ ብላ ዘጋችው። አርግዛ ይሆናል ብዬ ለአጥሚት የሚሆን እህል አስፈጨሁ። ለጾሙ ደግሞ የባቄላ ዱቄትና ሰናፍጭ ያዝኩ። ሜሮን እዚያው አሜሪካ ያደገች ስለሆነች ስልጆ ቀምሳ እንደማታውቅ ገምቼ ነበር።

የማርያም ዕለት

ቅዳሴ አስቀድሼ ከወልድያ በአውቶቡስ ተነሣሁ። አዲስ አበባ የእህቴ ልጅ ቤት አርፌ በጊዮርጊስ ዕለት ማታ አውሮፕላን ገባሁ።

አውሮፕላን ሲያልፍ ውሃ እንደምከድን ታውቃላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ስቃችሁብኛል። ከአባቴ የወረስኩት ነው። በጣሊያን ጊዜ ከኮረም በታች ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን አውሮፕላን መጥቶ መርዝ ሲያዘንብባቸው አባቴ ከሥሩ ነበር። የነካው ቆዳ ሁሉ ተላጠ። ወንድሙ ከምንጩ ጠጥቶ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲያ በቤታችን የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ፣ ማንም ይሁን ማን፣ በእጁ የያዘውን ጥሎ እንስራ ይከድናል። አባቴ ሲሞት ልማዱ እኔ ጋ ቀረ።

አውሮፕላን ውስጥ የተቀመጠ ሰው ውሃውን ከምን እንደሚከድን አላውቅም ነበር። ቢሆንም ብርጭቆዬን በሶፍት ከድኜ ያዝኩት። ሮም ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ቆመን አልወረድንም። ውጭው ይዘንባል። ቢጫ ካፖርት የለበሱ ጎረምሶች ከክንፉ ሥር ይሯሯጣሉ። አንዱ ቀና ብሎ ወደ መስኮቴ አየና እጁን አውለበለበልኝ። እኔም አውለበለብኩለት። ሶፍቱን ግን አላነሣሁም።

የተክለ ሃይማኖት ዕለት

ዋሽንግተን ላይ አንዲት ደግ ልጅ ወደ ዳላሱ አውሮፕላን አደረሰችኝ። ዳላስ ስወርድ ግን ብቻዬን ነበርኩ። ሰው ሁሉ ወደሄደበት ሄጄ ሰው ሁሉ የገባበት ባቡር ውስጥ ገባሁ። በሩ ራሱ ተዘጋ፣ ባቡሩም ሄደ። ለሾፌሩ መውረጃዬን ልንገረው ብዬ ወደ ፊት አለፍኩ። ከፊት መስተዋት ብቻ ነው ያለው። ሾፌር የለም። ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ የሴት ድምፅ ይናገራል፤ በሩ ይከፈታል፤ ሰዎች ሳይነጋገሩ ይወርዳሉ፤ ሌሎች ሳይነጋገሩ ይገባሉ። ያንኑ ሕንፃ ደጋግሜ አየሁት። በመጨረሻ ባዶው ባቡር ውስጥ እኔና ድምፁ ቀረን። ውዳሴ ማርያም በቃሌ ጀመርኩ።

በአንዱ ማቆሚያ ባዶ ተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋ ሰው ገባና ነጠላዬን አይቶ ቆመ።

«እናቴ፣ ጠፍተው ነው?»

«ሾፌር የለውም» አልኩት።

«የለውም። ሲዞር ይውላል። ከየት ነዎት?»

«ከወልድያ።»

«ሰይድ እባላለሁ፣ የደሴ ልጅ ነኝ። በሉ ይቀመጡልኝ፤ ዛሬ የወሎ ሰው ገፍቼ ልግባ» አለና በወንበሩ ገፍቶ አወጣኝ። ውሃ ሰጠኝ። በዚያው ቅጽበት ከጣሪያው በላይ አውሮፕላን ተነሣ። ጠርሙሱን በመዳፌ ከደንኩት። ሰይድ መግፋቱን አቆመ።

«አያቴም እንዲህ ታደርግ ነበር» አለ። «ምክንያቱን ሳልጠይቃት ሞተች።»

ነገርኩት። እየገፋ ዮናስ ጋ አደረሰኝ። ሲለየኝ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ።

ዮናስ ወፍሯል። በጉርምስናው ከአጎቱ ጋር ስለሄደ አማርኛው የተቀላቀለ ነው፤ አስተቃቀፉ ግን የድሮው ነው። ቤታቸው ሌክ ሃይላንድስ በሚሉት ሰፈር፣ የአፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወልድያ ከቤቴ ገበያ እስክደርስ ሰላምታው ብቻ ያደክመኛል። እዚያ ግን በመኪና ስንሄድ መንገድ ላይ አንድ እግረኛ አላየሁም። ሣሩ ታጭዷል፣ መብራቱ በርቷል፣ ሰዎቹ የሉም። ሰዎቹ ተነሥተው ከሄዱ በኋላ ከተማው ብቻውን የቀጠለ ይመስላል።

ደረጃው ላይ አንድ ነጭ ሽማግሌ አገኘን። ዮናስ ሰላም አለው። ሽማግሌው እኔን በአክብሮት እጅ ነሥቶ ልጄን ሳያይ ገባና በሩን ዘጋ።

«ምን አድርገኸው ነው?» አልኩ።

«ሚስተር አግሮን ነው። ፒዛ ቤት አለው» አለ ዮናስ።

«ነጭ ሽንኩርት የሌለው ፒዛ» አለች ሜሮን። «በቤቱ ነጭ ሽንኩርት አያስገባም። ኢማጂን፣ እማማ።»

ሜሮን አላረገዘችም። ራት ላይ ምስር ወጡን አቅርባ፣ ሳትበላ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

«ሶ፣ ዮኒ ነገረሽ? ማለቴ፣ ነገረዎት?»

«ዛሬ ትረፍ ብዬሽ ነበር እኮ» አለ ዮናስ።

«ምኑን ነው የምትነግሩኝ?»

ዮናስ የሚሠራበት ድርጅት ሜስኪት ከምትባል ከተማ ወዲያ መርዛማ ቆሻሻ የሚያቃጥል መሆኑን አውቃለሁ። አሁን አልባኒያ ወደምትባል አገር ሊሄድ ነው። ያ አገር በድሮው መንግሥት ጊዜ በተራራ ዋሻ ያስቀመጠው የመርዝ ጋዝ ነበረው። ለጦርነት የተዘጋጀ ነው። መንግሥቱ ሲወድቅ ያስቀመጡት ሰዎች ረሱት። አዲሶቹ ሲያገኙት ራሳቸው ለዓለም ተናገሩ፤ ይህ አለን፣ አንፈልገውም፣ አጥፉልን አሉ። እያቃጠሉት ነው። ዮናስም ለሥራው ተመርጧል።

«ማን አስገደዳቸው?»

«ማንም፣ እማዬ። በገዛ ፈቃዳቸው።»

እኛ አገር ሰው ጠመንጃውን የሚሰጠው ሲሞት ለልጁ ነው። መንግሥት እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላመንኩም።

«ምን ዓይነት መርዝ ነው?»

ዮናስ ሰሃኑን አየ። «አያቴን ያቃጠለው ዓይነት።»

ሜሮን እጄን ያዘች። «እኔ ‹ኖ› ስለው አልሰማኝም። እርስዎ ካሉት ይሰማል። ለዚህ ነው ያስመጣሁሽ።»

«እውነቷን ነው» አለ ዮናስ። «አንቺ ሳትመርቂኝ አልሄድም። ለቅዳሜ ነው የምንነሣው። ሚስተር አግሮንም አገሩ እዚያ ነው። የት እንደምሄድ ከነገርኩት ወዲህ ዘጋኝ።»

«አይሆንም» አልኩት።  ዮናስም «ኦኬ እማዬ» ብሎ እጁን ታጠበ። ሜሮን ያን ጊዜ ምግቧን ጀመረች።

እሑድ እና ሰኞ

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ቅዳሴው ያው የእኛው ነው። የቆምነው ግን ምንጣፍ ላይ ነው፤ ውጭውም መኪና ብቻ ነው። እመቤታችንን የለመንኩት ዮናስ እንዲቀር ነበር። ሳልጨርስ ግን ደነገጥኩ፤ ልመናው አፌ ውስጥ ክብደት አጣብኝ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ሰኞ ሁለቱም ሥራ ሲሄዱ ስልጆ በጠበጥኩ። የባቄላውን ዱቄት አብስዬ፣ ሰናፍጩን በነጭ ሽንኩርት ፈጭቼ ጨመርኩና በማሰሮ አደረግኩት። ቤቱ ሞቃት አየር በጣሪያው ቀዳዳ የሚነፋ ነው። ቶሎ እንዲብላላ ብዬ አየሩን የሚያሞቀው ማሽን ካለበት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ወልድያ ቢሆን ከምድጃው ጎን ነው የማደርገው። ልዩነቱ አልታየኝም።

የአማኑኤል ዕለት፣ ረቡዕ

ቀትር ላይ ብቻዬን ዳዊት እደግማለሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። በድንገት ከሁሉም አቅጣጫ ዋይታ ተነሣ። የሰው አይደለም፤ ከፍ ይላል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ከፍ ይላል። በረንዳ ወጣሁ። መንገዱ ላይ የሚሮጥ የለም። ዋይታው ግን ከተማውን በሙሉ ይዞታል። በዋይታው መካከል አንድ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ መጣ።

ገብቼ የድስቱን ውሃ ከደንኩ። ብርጭቆዎቹን ደፋሁ። እንስራ የለ፤ ቧንቧውን በፎጣ ጠቀለልኩት። ተመልሼ ስወጣ ከጎን ካለው በረንዳ አግሮን ቆሟል። እርጥብ ጨርቅ በእጁ ይዞ ሰማዩን ያያል። እኔን አየኝ። ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም። ዋይታው ቆመ። ያኔ የውሻ ጩኸት እንኳ አልነበረም።

ማታ ለሜሮን ነገርኳት። ሳቀች።

«ቴስት ነው፣ እማማ። ለቶርኔዶ። ለነፋስ ማለቴ ነው። በየወሩ ያደርጋሉ።»

«ሰው እንዲህ ያለ ድምፅ በየወሩ ለነፋስ ያሰማል?»

«እኛ እኮ አንሰማውም» አለች። ከዚያ መሳቋን ተወች። «ቧንቧውን ለምን ጠቀለልሽው? ማለቴ፣ ጠቀለሉት?»

ነገርኳት። ውሃ የመክደኑን ልማድ ሰምታው አታውቅም ነበር። ዮናስ ነግሯት አያውቅም።

የባለ ወልድ ዕለት፣ ሐሙስ

ጠዋት ስልጆውን ከፈትኩት። ደርሷል፤ ሽታው ዓይኔን አስለቀሰኝ። ክዳኑን ለጊዜው አስቀምጬ ማንኪያ ልፈልግ ሄድኩ። ማሽኑ ሽታውን ይዞ መንፋት ጀመረ።

በሩ ሲደበደብ ሰማሁ። ስከፍት አግሮን ነው። እርጥብ ፎጣ አፉ ላይ ይዟል፤ ሌላ እርጥብ ፎጣ እኔ ፊት ላይ አደረገና በእጄ ጎተተኝ። ነጠላዬ ወደቀ። ሽማግሌ ነው፣ ጉልበቱ ግን የሚገርም ነው። ደረጃውን ወርደን ሣሩን አቋርጠን፣ ነፋሱ ፊታችንን ወደሚመታበት ጉብታ ወጣን። በመንገዱ ያለውን በር ሁሉ ሲደበድብ ስለነበር ጥቂት ጎረቤቶች በፒጃማ ወጡ። አግሮን ሕንፃውን ያያል። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ያን ፊት አውቀዋለሁ። ከየት እንደማውቀው ግን ወዲያው አልመጣልኝም።

ዮናስ ያን ቀን ሥራ አልገባም፤ ወጥ የሚሆን ነገር ሊገዛ ወጥቶ ነበር። መኪናውን ፓርክ አድርጎ እየሮጠ ወደ ላይ ወጣ፤ ወዲያው በበረንዳው ብቅ አለ።

«እማዬ፣ ስልጆ ነው?»

«ስልጆ ነው» አልኩ።

ለጎረቤቶቹ በእንግሊዝኛ አስረዳቸው። ሳቁ። አንዲት ሴት ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ ገባች። አግሮን አልሳቀም። ሣሩ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ብቻውን ሸሽቶ፣ እኔን ቤት ውስጥ ትቶኝ መሄድ ይችል ነበር። አልተወኝም።

ዮናስ ማሰሮውን ከድኖ ወረደና ያስተረጉምልን ጀመር።

አግሮን በወጣትነቱ ወታደር ሳለ ከዋና ከተማቸው በላይ ካለ ተራራ፣ የሲሚንቶ በር ፊት ለፊት ዘብ ይቆም ነበር። ውስጥ ምን እንዳለ ማንም አልነገራቸውም። በበሩ ስንጥቅ በርሜሎች ይታያሉ፤ የተጻፈባቸው ፊደል የማያውቁት ነው። አለቃቸው ያስተማራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ነጭ ሽንኩርት ወይም ሰናፍጭ ከሸተታችሁ እርጥብ ጨርቅ አፋችሁ ላይ አድርጉና ነፋሱን ፊት ለፊት እያያችሁ ወደ ከፍታ ሂዱ። ወደ ኋላ አትዩ። አንድ ክረምት በሙሉ እያሸተተ ቆመ። ወፎች እዚያ ዛፍ ላይ አያድሩም ነበር አለ።

የዚያን ጊዜ ፊቱን ከየት እንደማውቀው መጣልኝ።

እናታችን አባታችን በሕይወት ሳለ ስልጆ ሠርታ አታውቅም። እኔ የተማርኩት ባል ካገባሁ በኋላ ነው። ጎረቤት በጾም ስልጆ ሲከፍት አባታችን ምግቡን ትቶ ይወጣና ከጉብታው ላይ፣ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ይቀመጥ ነበር። ሰው «የማይመች ሽማግሌ» ይለው ነበር። እኛም ልጆቹ እናፍርበት ነበር። እስከዚያች ቀን ድረስ ለምን እንደሚወጣ አላውቅም ነበር።

ለአግሮን ነገርኩት፤ ዮናስ አስተረጎመ።  አግሮን ፎጣውን አጥፎ ጭኑ ላይ አደረገ።

«አገሬ ሰጠች ሲሉ አላመንኩም» አለ። «እኛ ምንም ሰጥተን አናውቅም። ደብቀው ያስቀሩታል ብዬ ነው። ልጅሽንም የዘጋሁት ለዚህ ነው፤ የተሸወደ ልጅ ማየት አልፈለግኩም።»

«አሁን በሩ ላይ ማን ቆሟል?» አልኩ።

ዮናስ መለሰ። «ወታደሮች አሉ፣ እማዬ። እስኪያልቅ ድረስ ይጠብቃሉ።»

«እንደ እኔ ያለ የገጠር ልጅ ይሆናል» አለ አግሮን። «ያሸትታል።»

 ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር። ሜሮን ከሥራ ተጠርታ መጣችና ሣሩ ላይ ሦስታችንን ተቀምጠን አገኘችን።

ዮናስን ዮናስ ያልነው በነነዌ ጾም ስለተወለደ ነው። ነነዌ ከክፋቷ በተመለሰች ጊዜ የተከፋው ያው ነቢዩ ነበር። እኔ እሱን መምሰል አልፈለግኩም። ልጄን እዚያው ጉብታ ላይ አንበርክኬ መረቅኩት። ከወልድያ አምጥቼ በቀሚሴ ጫፍ የቋጠርኩትን እምነት ግንባሩ ላይ ቀባሁት።

 ቤት ገብተን ከሜሮን ጋር ብቻችንን ስንሆን «እማማ፣ እኔ እኮ እንድታስቀሪልኝ ነው ያስመጣሁሽ» አለች። አልተሳሳተችም።

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ቢሞትስ?»

 «አብረን እንጠብቀዋለን» አልኳት። ብዙ አለቀሰች። እጇን አልነጠቀችኝም።

ዓርብ፣ ግሬፕቫይን

የሚሄዱት ሁሉ ከኤርፖርቱ ሰሜን በኩል ባለው ግሬፕቫይን፣ ሆቴል ውስጥ ተሰበሰቡ። ለቤተሰብም ክፍል ሰጡን። አልጋው ላይ ያለው ትራስ ብዛት ለአንድ ሠርግ ይበቃል። አግሮን ከመነሣታችን በፊት ባዶ ማሰሮ ይዞ መጣና ከስልጆው ጥቂት ለመነኝ።

«ትበላዋለህ?» አልኩት።

«አይ። ተከድኖ ቤቴ ይቀመጥ። ልልመደው።»

የልደታ ዕለት፣ ቅዳሜ

ቁርስ የበላነው በመስተዋት በተከበበ አዳራሽ ነው። አውሮፕላኖቹ ከጣሪያው በላይ እየተከታተሉ ይወርዳሉ፤ አንዱ ሳይጠፋ ሌላው ይመጣል። ጥላቸው በጠረጴዛችን ላይ እያለፈ ሳህኑን ያጠቁረዋል። አዳራሹ ሙሉ ሰው ነው፤ ቀና የሚል የለም። ብርጭቆዬን ከደንኩ፣ ከፈትኩ፣ ከደንኩ። አጃ ገንፎዬ ቀዘቀዘ። ዮናስ እጁን ዘርግቶ ብርጭቆዬን በመዳፉ ከደነና እዚያው አቆየው።

«ብዪ፣ እማዬ። እኔ ይዤዋለሁ።»

በላሁ። ሜሮን እጁ ላይ እጇን ደረበች። እስኪጠሩት ድረስ እንዲሁ ተቀመጥን።

እኔ ከሜሮን ጋር ጥቂት ሳምንታት ቆይቼ ለፋሲካ አገሬ ገባሁ። ኤርፖርት አግኝቶኝ በወንበሩ እስከ አውሮፕላኑ በር የገፋኝ ያው ሰይድ ነው። እግዚአብሔር ይስጠው።

በሐምሌ ስልክ ተደወለ። ሁለቱም ናቸው፤ ዮናስ ተመልሷል።

«እማዬ፣ የመጨረሻውን አቃጠልነው። አንድም አልቀረም።»

«በሩስ?»

«ክፍት ነው። ገብቼ አየሁት። ባዶ ነው። ዘቡ ወደ መንደሩ ሄደ።»

«ለአግሮን ነገርከው?»

የመለሰችልኝ ሜሮን ናት። «ዋሻውን በፎቶ አሳየው፣ እማማ። ብዙ አየው። ከዚያ ሄደ። በነጋታው ፒዛ ይዞ መጣ። ነጭ ሽንኩርት አለው። በጣም ብዙ።»

«በላችሁ?»

«በላን። እሱም በላ። አለቀሰ እንጂ በላ።»

አመስግኜ ዘጋሁ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ላሊበላ የሚሄደው አውሮፕላን በደመናው ላይ መጣ። ባልዲው ጓዳ በር ላይ ሳይከደን ነበር። ተነሥቼ ነበር፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ድምፁ እስኪጠፋ ጠበቅሁ። ከዚያ በጣሳ ቀዳሁና አሸተትኩት። ቀመስኩት።

ውሃ ነበር።